"ወራጅ አለ" ማለት ያቃተኝ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ይሄ ነገር ይለቃል?

ዝምተኛዋ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ለማን እንደምነግረው አጥቼ ነው የመጣሁት።

የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመጣሁት ከወሎ ነው፣ ከአንዲት ትንሽ ከተማ። ግቢዬ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ስሙ ይቅር። ከገባሁ ስድስት ሳምንት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክፍል ውስጥ ድምፄን ያሰማሁት ስም ሲጠራ "አለሁ" ለማለት ብቻ ነው። እሱንም ሁለት ቀን መምህሩ ሳይሰማኝ ቀርቶ ቀሪ ተብያለሁ።

እኛ አገር ዝምተኛ መሆን ነውር አልነበረም። ጎረቤት ሲያመሰግነኝ "አንገቷን የደፋች ጨዋ ልጅ" ነበር የሚለኝ። እናቴ በዚህ ትኮራብኝ ነበር። እዚህ ስመጣ ያው ጠባዬ ሌላ ስም ወጣለት። "ኩራተኛ ናት" ይሉኛል። የዶርሜ ልጆች ናቸው ያሉት። ተኝታለች ብለው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

ስድስት ነን። መጀመሪያ ሰሞን ሲበሉ "ነይ እንብላ" ይሉኝ ነበር። "በልቻለሁ" እላለሁ። እየራበኝም እላለሁ። እኛ ጋ ሰው ሦስቴ ይለመናል፤ በመጀመሪያው እሺ ማለት ደስ አይልም። እዚህ አንዴ ጠይቀው ይተዋሉ። አሁን ጭራሽ መጠየቁንም ትተውታል።

ባለፈው ቅዳሜ ብርድ ልብስ ገዛሁ። የማታውን ብርድ አልቻልኩትም። ስለከበደኝ ከአራት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝኩ። የኋላ ወንበር ጥግ ላይ ነበርኩ። ስድስት ኪሎ ስንደርስ "ወራጅ አለ" ማለት አቃተኝ። ሌላ ሰው ይወርዳል ብዬ ጠበቅኩ። ማንም አልወረደም። የየካቲት 12 ሐውልት በመስኮት ሲያልፈኝ አየዋለሁ፤ አፌ ግን አልከፈት አለኝ። ሽሮ ሜዳ፣ መጨረሻው ላይ ከሁሉም ጋር ወረድኩ። ብርድ ልብሱን ታቅፌ ያንን ቁልቁለት እያለቀስኩ በእግሬ ተመለስኩ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ደግሞ በእንግሊዝኛ ኮርስ የግሩፕ ፕረዘንቴሽን አለን። መግቢያውን አንቺ ታቀርቢያለሽ ተብያለሁ። ከተነገረኝ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልቼ ወደ ቤት ልመለስ ወይ እያልኩ ነው።

ይሄ ነገር ይለቃል? የለቀቃችሁ ካላችሁ እንዴት እንደሆነ ንገሩኝ። እባካችሁ "ደፋር ሁኚ" ብቻ አትበሉኝ። መሆን ብችል ሆኜ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት ነኝ | ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 4፡15

እህቴ፣ መጀመሪያ ዊዝድሮውን እርሺው። ኅዳር ላይ ግቢ የለመደ ፍሬሽ የለም። እኔ እስከ ገና ድረስ ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ አላወጣሁም ነበር።

የዶርሙን ነገር ልንገርሽ። ልጆቹ መጠየቅ የተዉት ጠልተውሽ አይደለም። "በልቻለሁ" ስትያቸው አመኑሽ። ከስድስታችሁ አንዷ ከሐዋሳ፣ አንዷ ከአዳማ፣ አንዷ ከዚሁ ከመርካቶ ልትሆን ትችላለች። ሦስቴ መለመን የሚባለውን ሁሉም ቤት አላደገበትም። ስለዚህ አሁን ተራው ያንቺ ነው።

መናገር ካቃተሽ አትናገሪ። ከቤት ዳቦ ቆሎ ወይ በሶ ልከውልሽ የለም? እሱን አውጪና መሀል ላይ አስቀምጪው። ክዳኑን ክፈቺው። በቃ። ቆሎ ባለበት ዶርም ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወሬውን እነሱ ይጀምሩታል። እንኳን ለዶርም ለጎረቤት ዶርም ይተርፋል።

የፒያሳዋ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 1፡30

ከክፍለ ሀገር የመጣ ብቻ የሚያፍር ለሚመስላችሁ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ፒያሳ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ከቤት እየተመላለስኩ ነው። እና አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ጓደኛ አልነበረኝም።

እናት አባቴ ቤት መኖሬ መደበቂያ ሆነኝ። ክፍል እንዳለቀ ወደ ታክሲ እሮጣለሁ። "ቤት ይጠብቁኛል" እላለሁ። ማንም አይጠብቀኝም ነበር። ዶርም ያለው ሰው ቢያፍርም ማታ ከሰው ጋር ይተኛል፤ እኔ ግን ግቢውን የማውቀው በቀን ብርሃን ብቻ ነበር። ማታ ምን እንደሚመስል ያየሁት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው።

ያኔ ኬኔዲ ላይብረሪ መቀመጥ ጀመርኩ። ሁልጊዜ አንድ ወንበር ላይ። ከፊቴ ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። ሦስት ሳምንት ያህል አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ቀን እስክሪብቶዋ አለቀባትና የኔን ሰጠኋት። በነጋታው ስትመልስልኝ "ነገ ትመጫለሽ?" አለችኝ። አለቀ፣ ይኸው ነው ንግግሩ። ሳገባ ሚዜዬ እሷ ነበረች።

ዝምተኛዋ፣ ቦታ ምረጪና እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ በይ። እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

ሳይኮሎጂ የጨረስኩ | ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 4፡05

የፒያሳዋ ያለችው ነገር ዕድል ብቻ አይደለም። ሞርላንድ እና ቢች የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሞክረውት ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1992 አሳትመዋል። አራት ሴቶችን ተማሪ አስመስለው ወደ አንድ ትልቅ ክፍል ላኩ። አንዷ 15 ጊዜ ገባች፣ አንዷ 10፣ አንዷ 5፣ አንዷ ጭራሽ አልገባችም። ሴቶቹ ከማንም ጋር እንዳያወሩ ተነግሯቸው ነበር። ገብተው ቁጭ ይላሉ፣ ይወጣሉ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ የክፍሉ ልጆች ፎቷቸውን እያዩ ስለነሱ ተጠየቁ። ብዙ ጊዜ የገባችውን ይበልጥ ወደዷት። አንድ ቃል ሳትናገር!

ጄፍሪ ሆል የሚባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሰው ጓደኛ ለመሆን ስንት ሰዓት አብሮ ማሳለፍ እንዳለበት አጥንቷል። ለተራ ጓደኝነት 50 ሰዓት ገደማ፣ ለእውነተኛ ጓደኝነት 90 አካባቢ፣ ለልብ ጓደኛ ከ200 በላይ። አንቺ ስድስት ሳምንት ነው የቆየሽው። ከዶርም ልጆችሽ ጋር ነቅተሽ፣ ፊት ለፊት ሆነሽ ያሳለፍሽው ስንት ሰዓት ይሆናል? ምናልባት አሥር። አልዘገየሽም።

አንድ ነገር ግን ላሳስብሽ። እንቅልፍ የለኝም ብለሻል። ከፕረዘንቴሽኑ በኋላም እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ከክፍል መቅረት ከጀመርሽ፣ ያ ዓይን አፋርነት ብቻ አይደለም። የግቢሽን የምክር አገልግሎት ቢሮ ጠይቂ። ማንም ሳያይ ገብተሽ መውጣት ትችያለሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ነገር በግልጽ | ኅዳር 10፣ ከቀኑ 7፡20

ሁላችሁም እያባበላችኋት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ነገ ሥራ ስትፈልግ ቃለ መጠይቅ ላይ ማንም ቆሎ ይዞ አይጠብቃትም። እኔም አፍር ነበር። አንድ ቀን ወሰንኩና በየክፍሉ ቢያንስ አንዴ እጅ ማውጣት ጀመርኩ። የማላውቀውንም እጠይቅ ነበር። በአንድ ወር ለቀቀኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶች። ጨክኚ እህቴ።

ከጅማ | ኅዳር 10፣ ከምሽቱ 2፡00

ወንድሜ ነገር በግልጽ፣ ላንተ ሠርቶ ይሆናል። ለኔ አልሠራም።

የአፍ መፍቻዬ አፋን ኦሮሞ ነው። አዲስ አበባ ስመጣ አማርኛ እሰማለሁ፣ ስናገር ግን ቃላቱ ይጠላለፉብኛል። ወንዱን "አንቺ"፣ ሴቷን "አንተ" እላለሁ። አንድ መምህር፣ ማን እንደሆነ ይቅር፣ "ዛሬ ያልተናገረ አይወጣም" ብሎ አስነሳኝ። በእንግሊዝኛ ልጀምር ስል ጠፋኝ። በአማርኛ ቀየርኩት። ክፍሉ ሳቀ። ለክፋት የሳቁ አይመስለኝም፤ ግን ሁለት ሳምንት ወደዚያ ክፍል አልሄድኩም። በግድ የተገፋ ሰው ወደ ፊት ብቻ አይደለም የሚሄደው።

እኔን ያወጣኝ ሥራ ነው። የጀማዓ ልጆች በረመዳን ማፍጠሪያ ሲያዘጋጁ ቴምርና ውኃ እንዳድል ሰጡኝ። ለሁሉም "እንካ፣ ያዝ" ማለት አለብኝ። ሁለት ቃል ናቸው። በሠላሳ ቀን ውስጥ መቶ ሰው ፊቴን ለመደው። እጄ ላይ ሥራ ካለ እኔ ምን ልበል ብዬ አልጨነቅም፣ ሥራው ራሱ ይናገርልኛል። አንቺ ግቢ ጉባኤ ወይም ፌሎውሺፕ የምትሄጂ ከሆነ ቁጭ ብለሽ አትመለሺ። ወንበር የሚደረድሩትን፣ ጽዋ የሚያጥቡትን ተቀላቀይ። ዝምተኛ ሰው የሚያምርበት ቦታ እዚያ ነው።

ስለ አማርኛዬ ደግሞ፣ አሁን የሚሳቅበት ነገር የለም። የዶርሜ ልጆች ያርሙኝ ነበር፣ እኔም አፋን ኦሮሞ አስተማርኳቸው።

ጡረተኛው መምህር | ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ 3፡10

ልጄ ዝምተኛዋ፣ 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከመድረኩ ማዶ የቆመ ሰው ምን እንደሚያይ ልንገርሽ።

ፊቴ ቆሞ ድምፁ የተንቀጠቀጠ ተማሪ ቁጥር የለውም። አንዱንም በመንቀጥቀጡ አላስታውሰውም። የማስታውሰው የተናገሩትን ነው። ተማሪውም ቢሆን የሌላውን መንቀጥቀጥ አይቆጥርም፤ የራሱን ተራ እያሰበ ነው። እንግሊዝኛውም አያስፈራሽ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ መምህሩን ጨምሮ፣ ቋንቋውን ያገኘው ከጥቁር ሰሌዳ ነው።

ለፕረዘንቴሽኑ እንዲህ አድርጊ። ሙሉውን በቃልሽ አትያዢ፤ አንዷ ቃል ስትጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ሸምድጂ። ፍርሃት የሚበረታው እነሱ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ አፍ ይፈታል። ወረቀትሽን በእጅሽ አትያዢ። እጅ በጥቂቱ ሲንቀጠቀጥ ወረቀቱ ያጎላዋል። ጠረጴዛ ላይ አድርጊው። ማታ ክፍሉ ባዶ ሲሆን ከግሩፕሽ አንዷን ይዘሽ ሂጂ። እሷ የመጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ አንቺ ቀኑ ሲደርስ በምትቆሚበት ቦታ ላይ ቁሚ። ድምፅሽ እሷ ጋ እስኪደርስ ድረስ በይው። መግቢያ ስለሰጡሽም አትዘኚ። ቀድሞ የጨረሰ ሰው የቀረውን ሰዓት በሰላም ይቀመጣል።

ጥያቄ ካለሽና ክፍል ውስጥ መጠየቅ ካቃተሽ፣ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ወደ መምህሩ ቢሮ ሂጂ። እያነበብሽ ጠይቂ። እኔ እንዲህ አድርጎ የመጣን ተማሪ ሁልጊዜ አከብር ነበር፤ አስቦበት እንደመጣ ያስታውቃል።

አሁን የራሴን ልጨምር። እኔ በ1971 ከጎጃም ገጠር ስድስት ኪሎ ስገባ በሩ ራሱ አስፈራኝ። የቤተ መንግሥት በር ነዋ። ገነተ ልዑልን ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ነው። እኔ የገባሁት ንጉሡ ከወረዱ ዓመታት በኋላ ነው፤ ግቢው ግን አሁንም ጫማ አስወልቆ የሚያስገባ ይመስለኝ ነበር። ካፌ ሰው ፊት መብላት አልችልም። ዳቦዬን በኪሴ ይዤ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወዳለው ደረጃ እሄዳለሁ። ጣሊያን የሠራው ነው፣ ለሙሶሊኒ ሥልጣን ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ እየቆጠረ። ወደየትም አይወስድም። ጫፉ ላይ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ከደረጃው ጀርባ ተደብቄ እበላለሁ።

አንድ ቀን ስሄድ ሌላ ልጅ እዚያው ቆሞ ዳቦ ይበላል። ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። እሱም ከሰው ሸሽቶ ነው የመጣው። ሁለታችንም መሄጃ አጣን። አብረን በላን። እስከ ምርቃት ድረስ አብረን በላን። ልጄ፣ ዘወር ዘወር ብለሽ እዪ። እንዳንቺ ጥግ የያዘ ሰው ክፍልሽ ውስጥ አለ፤ ያልታየሽ እሱም ስለተደበቀ ነው።

ዝምተኛዋ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 1፡50

ጋሼ፣ ስላነበቡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለቴ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ዳቦ ቆሎ አለኝ፣ ከሻንጣዬ አላወጣሁትም ነበር። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ዛሬ እጽፋለሁ።

የታክሲውን ግን ማንም አልነገረኝም። ለሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ታክሲ አልያዝኩም፤ የትም በእግሬ ነው።

ረዳት ነኝ | ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 5፡30

እህቴ፣ እኔ ታክሲ ላይ ረዳት ነኝ። መስመሬ ሌላ ነው ግን ሥራው አንድ ነው። ያንቺን ሳነብ አዘንኩ። ስንት ሰው በኔ ታክሲ እንደዚህ አልፎት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

ስሚኝ። ሒሳብ ስትከፍዪ አብረሽ "ስድስት ኪሎ ወራጅ ነኝ" በይኝ። ያኔ ፊት ለፊትሽ ነኝ፣ መጮህ የለም። እኔ አስታውሳለሁ፣ ብረሳ ጥፋቱ የኔ ነው። ሁለተኛ፣ ኋላ አትቀመጪ። በሩ አጠገብ ቦታ ካለ እዚያ። ሦስተኛ፣ አጠገብሽ ላለ ሰው በቀስታ "ወራጅ ነኝ" ብትዪው እሱ ይጮህልሻል። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን አይጠላም። አንዱ ካለ ሌላው ይቀባበለዋል፣ እኔ ጋ ሳይደርስ አይቀርም።

ደግሞ ልንገርሽ፣ እኛ ብንጮህም ተቆጥተን አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስንጣራ ድምፃችን እንደዚያው ይቀራል። ተማሪ እናከብራለን። ታናሼ ዘንድሮ ማትሪክ ተፈታኝ ናት።

የሦስት ልጆች እናት | ኅዳር 12፣ ከጠዋቱ 2፡45

ሌሊቱን ይሄን ሳነብ ልጄን አሰብኩ። እንግዳ ሲመጣ "ሳሚና ወደ ጓዳ ግቢ" እያልን ነው ያሳደግናቸው። የትልቅ ሰው ወሬ ውስጥ ገብታ ከተናገረች እንቆጣለን። ከዚያ 18 ዓመት ሲሞላት መቶ ሰው ፊት ቁሚና ተናገሪ ትባላለች። ጨዋነቱን አስተምረናል፣ አልጸጸትም። ግን ቤት ውስጥ አንድ ቦታ መናገሪያ ልንሰጣት ይገባ ነበር። እኔ ለትንሿ ጀምሬያለሁ፤ እራት ላይ የዋለችበትን ትነግረናለች፣ እስክትጨርስ ማንም አያቋርጣትም።

የኔ ልጅ፣ ለእናትሽ ደውዪና ይሄንኑ ንገሪያት። "ደህና ነኝ" ብቻ አትበያት። ስለ ፕረዘንቴሽኑም ሦስቱን ዓረፍተ ነገር ለሷ በስልክ በያት። እንግሊዝኛ ባታውቅም ታዳምጥሻለች።

ነገር በግልጽ | ኅዳር 12፣ ከቀኑ 6፡10

የጅማውን ወንድሜን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያላሰብኩት ነገር ነው የነገርከኝ። እጄን ሳወጣ የሳቀብኝ ሰው አልነበረም፤ ቢስቁብኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም። መናገር አለባት የሚለውን አሁንም አምናለሁ። ግን ከቆሎና ከታክሲ ረዳት ብትጀምር ይሻላል።

ዝምተኛዋ | ታኅሣሥ 2፣ ከምሽቱ 2፡30

ተመልሻለሁ። የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ፤ ስትጠብቁኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ዳቦ ቆሎውን በዚያው ሳምንት አወጣሁት። ክዳኑን ከፍቼ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ "ይሄ የማነው?" አለች። "የኔ ነው፣ ብሉ" አልኩ። "አንቺስ?" አሉኝ። ወርጄ ቁጭ አልኩ። ሦስቴ እስክለመን አልጠበቅኩም። ኩራተኛ ናት ያለችኝ ልጅ እናቷ እንዴት እንደሚሠሩት ልትነግረኝ ስትሞክር ምጣድ ላይ የሚደረገውን ረሳችና ስልክ ደወለችላቸው። እናትየው ለኔም ሰላም አሉኝ።

ለእናቴም ደወልኩ። ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አልኳት። ምንም አልገባትም። "ድገሚው" እያለች አምስቴ አስባለችኝ።

ፕረዘንቴሽኑ ላይ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሦስቱን በደንብ አልኩ። አራተኛው ላይ ጠፋኝ። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ስለነበረ ጎንበስ ብዬ አየሁትና ቀጠልኩ። ቀና ስል ማንም እየሳቀ አልነበረም። አንዱ ስልኩን እያየ ነበር፣ አንዷ የራሷን ወረቀት እያነበበች። ጋሼ እንዳሉት ነው። ከተቀመጥኩ በኋላ እጄ ለረጅም ጊዜ ቀዘቀዘኝ፤ ማታ ግን ተኛሁ።

ታክሲውን መጀመሪያ ለረዳቱ ሒሳብ ስሰጥ ነገርኩት። አስታወሰኝ። ሁለተኛ ጊዜ አጠገቤ ለነበሩ እናት አልኳቸው፣ እሳቸው "በሞቴ አቁምላት፣ ልጅቷ ወራጅ ናት!" ብለው ታክሲውን አናወጡት። ትናንት ግን ራሴ አልኩት። ቀስ ብዬ ነው። ሾፌሩ ሰምቶ አቆመ።

ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት አሁንም አልቻልኩም። እሱ ይቆይ።

አዲስ ገቢ | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 4፡50

ይሄን ሁሉ አነበብኩት። እኔም ፍሬሽ ነኝ፣ ስድስት ኪሎ። እኔም እዚህ ጽፌ አላውቅም። ላይብረሪ እንኳን ሰው የማይበዛበትን ሰዓት ጠብቄ ነው የምገባው። ምን ብዬ እንደምጨርስ አላውቅም።

ዝምተኛዋ | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 5፡05

እኔ ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ላይብረሪ ነኝ። ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ጠረጴዛ። ግራጫ ሹራብ እለብሳለሁ። ከፊቴ ያለውን ወንበር ደብተር አስቀምጬ እይዝልሻለሁ። መጥተሽ ደብተሩን አንሥተሽ ቁጭ በይ። መናገር የለብሽም።

አዲስ ገቢ | ታኅሣሥ 3፣ ከምሽቱ 5፡40

እሺ።